መጨበጥና መልቀቅ፤ የጡንቻችን ምሥጢር

ክቡር አንባቢ ሆይ! ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ሳለ አጠገብዎ አንድ ስኒ ቡና ቀርቦልዎታል እንበል። እጅዎን ይዘረጋሉ፤ ስኒውን ያነሣሉ፤ ፉት ይሉና መልሰው ያስቀምጡታል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሐሳብዎ ከጽሑፉ አልተነሣም። ክንድዎን ያጠፈው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቁ፣ «ጡንቻዬ ነዋ!» ብለው ወዲያው ይመልሳሉ። መልሱ ትክክል ነው። ዳሩ ግን አጥንቱን ጡንቻ ሳበው፤ ጡንቻውን ራሱንስ ማን ሳበው?

በዚህ ሳምንት በዚህ ዐምድ የምንጫወተው ስለዚሁ ነው። ሳቢው ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ብዙ ሰው ኀይል ማለት አጥብቆ መያዝ ብቻ ይመስለዋል። የማዮሲን ጠባይ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ለሕይወት መጨበጥ ብቻ ሳይሆን በጊዜው መልቀቅም ግዴታ መሆኑን፣ ለመልቀቅም ስንቅ የሚያስፈልግ መሆኑን ነው። ነገሩ የዕውቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እንደምናየው የወጣቶች ሕይወት አለበት። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ስሙ የወጣው በ1864 ነው። ቪልሄልም ኪውነ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የእንቍራሪት ጡንቻ ጨምቆ፣ ከጭማቂው ውስጥ የሚረጋ ነገር አገኘና ማዮሲን አለው። ቃሉን የወሰደው ከግሪክ ነው። በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ «ሚስ» ማለት ጡንቻ ማለት ነው፤ አይጥ ማለትም ነው። ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳው ሥር ሽው የሚለውን ነገር ላስተዋለ ሰው ስሙ አያስገርመውም። ይሁን እንጂ ይህ የረጋ ነገር ራሱ ሠራተኛ መሆኑን በዚያን ጊዜ ያወቀ አልነበረም።

ሰባ አምስት ዓመት አለፈ። በ1939 በሞስኮ ከተማ ኤንገልሃርትና ልዩቢሞቫ የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት፣ ማዮሲን ኤ ቲ ፒ የሚባለውን ነገር እየሰነጠቀ የሚበላ መሆኑን ገለጹ። ኤ ቲ ፒ ምንድን ነው ያሉ እንደ ሆነ፣ እኛ የበላነው እንጀራና ወጥ በሰውነታችን ውስጥ ከደቀቀ በኋላ ጕልበቱ ለየሕዋሱ የሚታደልበት ጥቃቅን ስንቅ ነው። በአገራችን ልማድ ጉርሻ ብንለው ነገሩን ይገልጠዋል። እኛ በማዕድ ላይ አንድ ጊዜ ስንጐርስ፣ በውስጣችን ያሉት ሕዋሳት ያንኑ አብስለው ቍጥር ለሌለው ሠራተኛ እየጠቀለሉ ያጐርሱታል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ድንቅ ነገር በሃንጋሪ አገር በሴገድ ከተማ የታየው ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ሳለ፣ በ1937 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አልበርት ሴንት ጆርጂ ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ በቤተ ሙከራው ይሠራ ነበር። ከጡንቻ ያወጡትን ፕሮቲን እንደ ፈትል አቀጠኑት። ከዚያም ከተቀቀለ ጡንቻ የወጣ ጭማቂ ጠብ ቢያደርጉበት፣ ፈትሉ ኵምትር ብሎ አጠረ! በጭማቂው ውስጥ የነበረው ያው ኤ ቲ ፒ ነበር። ሕይወት የሌለው ክር፣ በብርጭቆ ላይ፣ እንደ ሕያው ጡንቻ ተንቀሳቀሰ። ሴንት ጆርጂ በሳይንስ ዘመኑ ሁሉ ይህን ያህል ልቡን ያናወጠው ነገር እንዳልነበረ ኋላ ተናግሯል። ደቀ መዝሙሩ ብሩኖ ስትራውብ ደግሞ በዚያ ፈትል ውስጥ ማዮሲን ብቻውን እንዳልነበረ፣ አክቲን የሚባል ሁለተኛ ፕሮቲን አብሮት እንዳለ አገኘ። እንግዲህ ጡንቻ የሁለት ሥራ ነው ማለት ነው። ማዮሲን ይስባል፤ አክቲን ይሳባል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚስበው? እዚህ ላይ፣ ክቡር አንባቢ፣ ስኒውን አስቀምጠው ሁለት እጆችዎን ያውሱን። መዳፎችዎን ወደ ፊትዎ ያዙሩና የቀኝ እጅዎን ጣቶች በግራ እጅዎ ጣቶች መካከል ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ያስገቡ። አሁን ጣቶችዎን ሳያጥፉ ሁለቱን እጆች ወደ መካከል ይግፉ። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል የነበረው ርቀት አጠረ፤ ነገር ግን ከጣቶችዎ አንዲቱ እንኳ አላጠረችም። አንዱ በሌላው ጐን ተንሸራተተ እንጂ።

ጡንቻም የሚያጥረው በዚሁ ዐይነት ነው። አስቀድሞ ብዙ ሊቃውንት ፕሮቲኖቹ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልለው የሚያጥሩ ይመስላቸው ነበር። በ1954 በሜይ 22 ቀን ግን «ኔቸር» በተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ሁለት ጽሑፎች ጐን ለጐን ወጡ። አንዱን የጻፉት አንድሩ ሃክስሊና ሮልፍ ኒደርገርከ፣ ሁለተኛውን ሂዩ ሃክስሊና ጂን ሃንሰን ነበሩ። ሁለቱ ሃክስሊዎች ስም ተጋሩ እንጂ ሥራቸው ለየብቻ ነበር። የጡንቻ ክር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቍርና ነጭ መስመር እንደ ተፈራረቀበት ጥለት ነው። ሁለቱም ወገኖች ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጡንቻው ሲያጥር ጥቍሩ መስመር ስፋቱን አለመለወጡ፣ የሚጠበው ነጩ ብቻ መሆኑ ነው። ጥቍሩ የወፍራሞቹ የማዮሲን ክሮች ስፍራ ነው። ቀጫጭኖቹ የአክቲን ክሮች ከሁለት ወገን እየተሳቡ በመካከላቸው ይገባሉ። የእርስዎ ጣቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው።

አንዱ ወፍራም ክር ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ ክፍል ጥቂት ይበልጣል። በዚህች ክር ላይ 300 ያህል ማዮሲኖች ታስረዋል፤ እያንዳንዱም ሁለት ሁለት ጕጦች ወደ ውጭ አውጥቷል። ሊቃውንቱ «ራስ» ይሏቸዋል፤ እኛ ግን ሥራቸውን አይተን «እጅ» ብንላቸው ይቀለናል።

ከጕድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ተመልክተው እንደ ሆነ የእጁ ሥራ ትዝ ይበልዎ። በአንዱ እጁ ገመዱን ጨብጦ ይስባል፤ በሌላው ዝቅ ብሎ ይይዛል፤ የፊተኛውን ይለቅና ደግሞ ዝቅ ብሎ ይጨብጣል። እንዲህ እየጨበጠና እየለቀቀ ባልዲውን ያወጣል። ይህ ሰው አንድ ጊዜ የጨበጠውን አልለቅም ያለ እንደ ሆነ ባልዲው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጨብጦ መቅረት ሥራ አይደለም።

የማዮሲን እጅም እንዲሁ ነው። ሊምንና ቴይለር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1971 የሥራውን ቅደም ተከተል ገልጠውታል። እጁ አክቲኑን ጨብጦ ሳለ ጉርሻው ይመጣለታል። ኤ ቲ ፒ ሲገባበት መጀመሪያ የሚያደርገው መሳብ እንዳይመስልዎ፤ መልቀቅ ነው! ከለቀቀ በኋላ ጉርሻውን ይሰነጥቀዋል፤ በዚያም ጕልበት እንደ ቀስት ይወጠራል። ተወጥሮም ፈንጠር ብሎ ያለውን የአክቲን ክር ይጨብጣል። የጉርሻውንም ስብርባሪ ሲተፋ የተወጠረው ክንድ ይመለስና ክሩን ስቦ ያመጣዋል። ከዚያ ሌላ ጉርሻ እስኪመጣለት ድረስ እንደ ጨበጠ ይጠብቃል። ለአንድ ስበት አንድ ጉርሻ ነው። በ1993 ኢቫን ሬይመንትና ባልደረቦቹ የዚህን እጅ ቅርጽ በኤክስሬይ መርምረው ባሳዩ ጊዜ፣ ኤ ቲ ፒ የሚገባበት ጐድጓዳ ስፍራም፣ እንደ ክንድ ረዝሞ የወጣውም ክፍል ግልጥ ሆኖ ታየ።

በአንድ ስበት ክሩ የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺሕኛ ክፍል አይበልጥም። የአንዱ እጅ ጕልበትም እጅግ ጥቂት በመሆኑ አንዲት ግራም አንጠልጥሎ ለመያዝ ከ1 ቢሊዮን የማያንሱ እጆች ይፈለጋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት እዚህ ላይ በእውነት ተፈጽሟል። ደግሞም ሁሉም በአንድነት አይለቁም፤ እንዲህ ቢሆን ባልዲው ተመልሶ ከጕድጓዱ በወደቀ ነበር። ጥቂቶቹ ሲለቁ ሌሎቹ ይዘው ይጠብቋቸዋል።

በጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ኤ ቲ ፒ በብርቱ ሥራ ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አይበቃም። ስለዚህ ሰውነታችን ከስኳርና ከስብ አዲስ ጉርሻ ሳያቋርጥ ያዘጋጃል። ዳገት ስንወጣ ቁና ቁና የምንተነፍሰው ለዚህ ማዕድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ለማድረስ ነው።

ለመሆኑ እጆቹ ሥራ የሚጀምሩት በማን ትእዛዝ ነው? ነርቭ መልእክት ሲያመጣ በጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይፈስሳል። በአክቲኑ ክር ላይ እንደ ዘበኛ ሆነው መንገድ የሚዘጉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ካልሲየሙ ሲደርስ መንገዱን ይከፍቱታል። ይህን በ1960ዎቹ ዓመታት አጣርቶ ያወቀ ሴትሱሮ ኤባሺ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ ነው። ሥራው ሲያበቃ ካልሲየሙ ተጠርጎ ወደ ጓዳው ይመለሳል፤ ዘበኞቹም መንገዱን ይዘጋሉ። ካልሲየሙን ለመመለስም ኤ ቲ ፒ ይከፈላል። እንግዲህ ማረፍ እንኳ በነጻ የሚገኝ አይደለም ማለት ነው።

ለመልቀቅ ስንቅ ያስፈልጋል ያልነውን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ ምስክሩ የሞተ ሰው ሬሳ ነው። ሰው እንደ ሞተ ወዲያው ገላው ልል ነው። ገናዦች ዐይኑን የሚከድኑት፣ አገጩን የሚያስሩት፣ እጅና እግሩን የሚያስተካክሉት ሳይደርቅ ለመድረስ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሬሳው ይገትራል፤ እስከ 12 ሰዓት ገደማም ፈጽሞ ይደርቃል። ለምን? ትንፋሽ ቆሟል፤ ጉርሻ የሚያዘጋጅ የለም። እጆቹ እንደ ጨበጡ ቀሩ። ጕልበት ስላገኙ አልጨበጡም፤ ለመልቀቅ የሚበቃ ጕልበት ስላጡ ነው እንጂ። ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ሬሳው ተመልሶ የሚላላው እጆቹ ለቀው ሳይሆን ፕሮቲኖቹ ራሳቸው መፍረስ ስለ ጀመሩ ነው።

ቁርጥ የሚወድ አንባቢም ከዚህ ታሪክ ከፊሉን በዐይኑ አይቶታል። አሁን ከታረደ በሬ የተቈረጠ ትኵስ ሥጋ በሳሕን ላይ ሆኖ ሲርገበገብ ይታያል። በሬው ሞቷል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው ስንቅ ግን ገና ተሟጥጦ አላለቀም፤ ስለዚህ እጆቹ መጨበጥና መልቀቃቸውን አልተዉም። ሰዓቱ እያለፈ ሲሄድ ያው ሥጋ ይደርቃል። በ1963 ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ የኒው ዚላንድ መርማሪዎች ደግሞ፣ የበሬ ጡንቻ ከመድረቁ በፊት ቶሎ በብርቱ ብርድ ቢቀዘቅዝ እጅግ እንደሚኰማተር አስታወቁ። ብርዱ ካልሲየሙን ያፈስሰዋል፤ ስንቅ ገና ስላለም እጆቹ ባላቸው ኀይል ይስባሉ፤ ከዚያ ስንቁ ሲያልቅ በዚያው እንደ ጨበጡ ይቀራሉ። እንዲህ የሆነ ሥጋ ሲበስል ለጥርስ ያስቸግራል። ስለዚህ ሥጋ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ሰዎች መቼና እንዴት እንደሚያቀዘቅዙ ይጠነቀቃሉ።

ማዮሲን የሚገኘው በጡንቻ ብቻ ነው ብለው ካሰቡ ግን ገና ነው። በሰው ዘር ውስጥ ልዩ ልዩ ማዮሲን የሚሠሩ 40 ያህል ጂኖች አሉ። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በወገቡ ዙሪያ የማዮሲንና የአክቲን መቀነት ይታጠቃል፤ መቀነቱ ጠበቅ ጠበቅ እያለ ወገቡን ቀጭኖ ሁለት ያደርገዋል። እኔም እርስዎም ከአንዲት ሕዋስ ተነሥተን ይህን ያህል የሆንነው በዚህ መቀነት ነው።

ደግሞ ማዮሲን አምስት የሚባል ተሸካሚ አለ። ይህ በሁለት እግሩ በአክቲን ክር ላይ እየተራመደ ዕቃ የሚያደርስ ነው። በ2010 በጃፓን አገር በካናዛዋ ዩኒቨርሲቲ እርምጃው በፊልም ተቀርጾ ታይቷል። ለቆዳችን መልክ የሚሰጡትን የቀለም ቅንጣቶች ወደ ሕዋሱ ዳርቻ የሚያደርስ የዚሁ ወገን ነው። ይህ ማዮሲን ከመወለድ ጀምሮ የተበላሸባቸው ሕፃናት ጠጕራቸው ብርማ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጡንቻ ማዮሲን በብዙ ጓደኞች መካከል ስለሚሠራ ቶሎ ይለቃል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ለቆ ነው የሚገኘው። ተሸካሚው ግን ብቻውን ስለ ሆነ አንዱ እግሩ ሳይረግጥ ሌላውን አያነሣም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢያነሣ ከነሸክሙ ተንሳፍፎ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው የመያዣና የመልቀቂያ ልክ ተመጥኖለታል።

ልኩ የተዛባ እንደ ሆነ ምን ይመጣል? አሁን ወደ ልብ እንምጣ። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል ብንል በአንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይጨብጣል፤ ያን ያህል ጊዜም ይለቃል። ሲጨብጥ ደሙን ይገፋል፤ ሲለቅ በደም ይሞላል። ያልለቀቀ ልብ አይሞላም፤ ያልሞላ ልብም የሚገፋው የለውም።

በ2003 በጁን 26 ቀን በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ካሜሩንና ኮሎምቢያ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተጋጠሙ። በ72ኛው ደቂቃ ማርክ ቪቪየን ፎኤ የተባለው የካሜሩን ተጫዋች ማንም ሳይነካው በሜዳው መካከል ወደቀ። ሐኪሞች ቢረባረቡም ሊያድኑት አልቻሉም። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር በዘር የሚወረስ፣ የልብ ጡንቻን የሚያወፍር ሕመም ተገኘበት።

ይህ ሕመም ከ500 ሰው አንዱን ያህል የሚያገኝ ነው። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹን ግን በሩጫና በጨዋታ መካከል ድንገት ይጥላቸዋል። በ1990 በአሜሪካ አገር የሚሠሩ መርማሪዎች ሕመሙ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ በልብ ማዮሲን ጂን ላይ የሚገኝ ጥቂት ስሕተት መሆኑን ገለጹ። በጤነኛ ልብ ውስጥ ከማዮሲን እጆች ብዙዎቹ ተጣጥፈው ያርፋሉ። በታመመው ልብ ውስጥ ግን፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ማረፍ የሚገባቸው እጆች ተነሥተው ከሥራው ይገባሉ፤ ልቡ ከልክ በላይ ይጨብጣል፤ ደኅና አድርጎም አይለቅም። እንግዲህ የዚህ ልብ ሕመም ድካም አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ብርታት ነው!

ምሥጢሩ መታወቁ መድኀኒት አስገኝቷል። ማቫካምተን የሚባል መድኀኒት በ2022 በአፕሪል ወር በአሜሪካ መንግሥት ተፈቅዷል። ሥራው አክቲንን ለመጨበጥ የሚነሡትን የማዮሲን እጆች ቍጥር መቀነስ ነው። ይሁን እንጂ ለሁሉም ሕመምተኛ የሚሰጥ አይደለም፤ ሲበዛ ልብን የሚያደክም ስለ ሆነም ሐኪሙ የልቡን ሁኔታ በየጊዜው እየተመለከተ ነው የሚሰጠው። ኪውነ የእንቍራሪት ጡንቻ ከጨመቀበት ቀን እስከዚህ ድረስ 158 ዓመት መሆኑን ስናሰላ፣ ጥቅሙ ያልታየ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ ይሆናል።

ክቡር አንባቢ ሆይ! ከዚህ ሁሉ ጨዋታ አንድ ነገር ይዘው እንዲቀሩ እንለምናለን። ከቤተ ዘመድዎ መካከል በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ልጅዎ ሲሮጥና ኳስ ሲጫወት ራሱን ስቶ የሚወድቅ፣ ደረቱን የሚወጋው እንደ ሆነ፣ «ጠንካራ ነው፤ ምንም አይለውም» ብለው አይለፉት። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና በአልትራሳውንድ የሚደረግ ምርመራ ቢላዋም መርፌም ሳያስፈልጋቸው ሕመሙን ያሳያሉ። ሕመሙ በአንድ ሰው ላይ ከተገኘ ደግሞ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና ልጆቹ ሁሉ መመርመር ይገባቸዋል። ምክንያቱም ሕመሙ ካለበት ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ስሕተቱን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

የልብ ጤንነት የሚታወቀው በመጨበጡ ብርታት ብቻ አይደለምና፣ በጊዜው የሚለቅም መሆኑን ያስመርምሩ። በሚመጣው ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ድረስ ጤና ይስጥልን።